ላይክ ኮሮጆ ውስጥ አይገባም፦ በማኅበራዊ ሚዲያ የምርጫ ቅስቀሳ ለምትሠሩ ዝርዝር መመሪያ

በየምርጫው የሚደጋገም ነገር አለ። ፓርቲው ወይም የግል ዕጩው የፌስቡክ ገጽ ይከፍታል። "ስልክ ላይ ጎበዝ ነው" የተባለ አንድ ልጅ ይመደባል። ልጁ ፖስተር እየሠራ ይለጥፋል፣ ላይኩ ይጎርፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ድምፅ ሲቆጠር ግን ያ ሁሉ ሰው የለም። የት ሄደ? አብዛኛው መጀመሪያውኑ እዚያ ምርጫ ክልል አልነበረም።

ይህ መመሪያ ለዚያ ልጅ ነው፤ ለእህቱም። ብዙ ገንዘብ የሌለው፣ ቴሌቪዥን ጣቢያ የማይደውልለት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ምርጫ ክልል የሚወዳደር ዕጩ ይዛችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆናችሁ አያገባኝም። ከውጭ አገርም የሚጠቅም ልምድ ሲኖር አነሳለሁ።

መጀመሪያ፦ ድምፅ የሚሰጣችሁን ሰው ለዩት

ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። የምርጫ ክልላችሁን ስም ጻፉ። ሥሩ ያሉትን ወረዳዎችና ቀበሌዎች ዘርዝሩ፣ ምርጫ ጣቢያዎቹ የት የት እንደሆኑ አጣሩ። ይህ ወረቀት እስከ መጨረሻው ቀን ከእጃችሁ አይለይ።

ምክንያቱ የምርጫ ሥርዓታችን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። እያንዳንዱ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ይልካል፣ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። አገር ምድሩ የሚያደንቀው ሰው በምርጫ ክልሉ ሁለተኛ ከወጣ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። መራጩ ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርና ተመዝግቦ የመራጭነት ካርድ መያዝ አለበት። እነዚህን ያላሟላ ሰው መቶ ጊዜ ሼር ቢያደርግላችሁ ምስጋና እንጂ ድምፅ አይቆጠርለትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የተከታዮቻችሁን አድራሻ ማየት ነው። የፌስቡክ ገጽ ተከታዮች ከየትኛው ከተማና አገር እንደሆኑ በስታቲስቲክሱ ውስጥ ያሳያል፤ ቲክቶክም እንዲሁ። ዕጩያችሁ ደብረ ብርሃን እየተወዳደረ ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ዋሽንግተን፣ ሪያድና ፍራንክፈርት ከሆኑ ነገሩ ግልጽ ነው። ቴሌግራም ግን ሰው የት እንደሚኖር አይነግራችሁም። እዚያ በየጊዜው "የት ወረዳ ናችሁ?" የሚል፣ ሰው መልሱን ከዝርዝር የሚመርጥበት ጥያቄ (ፖል) ለጥፉ። ትክክለኛ ቁጥር ባይሰጣችሁም ፍንጭ ይሰጣችኋል።

ዲያስፖራውን ተዉት ማለቴ ግን አይደለም። በ2013ቱ ምርጫ ውጭ ሆኖ ድምፅ የሚሰጥበት አሠራር አልነበረም፤ እነሱ ግን ስልክ አላቸው። ጂዳ ያለች እህት ለእናቷ ደውላ "እማዬ፣ ካርድ አውጥተሻል?" ብትላት፣ እሷው ገጻችሁ ላይ ከምትጽፈው አርባ ኮሜንት ይበልጣል። ጠይቋቸው፤ "ሼር አድርጉልን" ማለቱን ቀነስ አድርጉና "አገር ቤት ላለ ዘመዳችሁ ደውሉልን" በሉ። ገንዘብ እንላክ ካሏችሁ ግን ቆም በሉ። ፓርቲ ከውጭ አገር ዜጎችና ድርጅቶች፣ እንዲሁም ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል። ብዙ የእኛ ሰው ደግሞ ፓስፖርት ቀይሯል። ምርጫ ቦርድን ሳትጠይቁ የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንዳትለጥፉ።

ሁለተኛ፦ የገጹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አሰልቺ ነው፣ ግን ዝለሉት ብዬ አልመክርም። አገራችን ውስጥ ፓርቲ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የፌስቡክ ገጹ ነው፤ አድሚኑ ከየትኛው ወገን ጋር እንደሄደ አይቶ ይከተላል።

ገጹ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ሥልጣን ያላቸው አድሚኖች ይኑሩት፤ አንዱ ዕጩው ራሱ ወይም በጣም የሚያምነው ሰው ይሁን። ሌላው ሰው የመለጠፍ ሥልጣን ብቻ ይሰጠው። ቴሌግራሙ የተከፈተበት ሲም ካርድ በማን ስም እንደወጣ እወቁ። የበጎ ፈቃደኛ ልጅ ሲም ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በሁሉም ላይ አብሩ። "ገጻችሁ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ሊንክ ተጫኑ" የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው፤ አትጫኑ።

ተከታይ አትግዙ። የሙዚቃ ገጽ ገዝቶ ስሙን መቀየርም ያው ነው፤ ፌስቡክ ገጹ በፊት ምን ይባል እንደነበር ለማንም ያሳያል፣ ተቃዋሚያችሁም አይቶ ሙድ ይይዝባችኋል። ከሁሉም የከፋው የሐሰት አካውንት ማርባት ነው። ሰኔ 2013፣ ምርጫው ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀናጀ የሐሰት አካውንቶችና ገጾች መረብ ማጥፋቱን አስታውቆ ነበር፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋርም አያይዞታል። የመንግሥት ተቋም ስም ያለበት እንዲህ ከተነቀለ፣ የእናንተ ሃያ ፌክ አካውንት ከለላ የለውም።

በመጨረሻም የዕጩውን ትክክለኛ ገጾች ዝርዝር በአንድ ምስል አድርጋችሁ በሁሉም ቦታ ከላይ ስቀሉ። በስሙና በፎቶው የሚከፈት አስመሳይ ገጽ መምጣቱ አይቀርም።

ሦስተኛ፦ የትኛው መድረክ ለምን?

ሁሉም ቦታ ለመሆን መሞከር ሦስት ሰው ያለውን ቡድን ይጨርሰዋል። እኔ ብሆን ሁለት እይዛለሁ፤ ቴሌግራምና ከቲክቶክ ወይም ከፌስቡክ አንዱን።

ቴሌግራም ቤታችሁ ነው። ለቻናል የአባላት ገደብ የለውም፣ ስንት ሰው እንዳየው ይቆጥራል፣ ፋይል ይልካል፣ ኔት ደካማ በሆነበትም ጽሑፍ ያደርሳል። ሰው ቻናላችሁን ከተቀላቀለ መልእክቱ ይደርሰዋል፤ ፌስቡክ እንደፈለገው እያሳየና እየደበቀ እንደሚያደርገው አይደለም።

ቲክቶክ አዲስ ሰው የምታገኙበት ነው። ተከታይ የሌለው ሰው ቪዲዮም ሚሊዮን ሊያየው ይችላል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። ቲክቶክ የሚከፈልበት የፖለቲካ ማስታወቂያ አይቀበልም፣ ለፖለቲከኞችና ለፓርቲዎች አካውንቶችም ጊፍትን (ተመልካች ላይቭ ላይ የሚልከውን፣ እንደ አንበሳ ያለ ስጦታ) እና ሌላ ገንዘብ የሚገኝበትን አገልግሎት ይዘጋል። ስለዚህ "ላይቭ ገብተን አንበሳ እናስወርዳለን" የሚል አማካሪ ካላችሁ በትሕትና አሰናብቱት።

ፌስቡክ ላይ ጋዜጠኛው፣ መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛውና ክርክር የሚወደው ሁሉ አለ። ረዘም ያለ ጽሑፍ የሚነበበው እዚያ ነው። ዩቲዩብ ለረጅም ቃለ ምልልስ ይሆናል። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ደግሞ ለዲፕሎማትና ለውጭ ሚዲያ ነው፤ ሰፈራችሁ እዚያ የለም።

አራተኛ፦ ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁ

በኅዳር 2024 ዞህራን ማምዳኒ የሚባል፣ ከኩዊንስ የተመረጠ የኒው ዮርክ ስቴት ምክር ቤት አባል፣ ማይክ ይዞ ብሮንክስ ውስጥ ፎርድሃም ሮድ፣ ኩዊንስ ውስጥ ደግሞ ሂልሳይድ አቬኑ ላይ ቆመ። ትራምፕ ካሸነፈ ገና ቀናት መቁጠራቸው ነው። አላፊ አግዳሚውን "ማንን መረጥክ? ለምን?" እያለ ጠየቀ። ትራምፕን መረጥኩ ያሉት ነበሩ፣ ጭራሽ አልመረጥኩም ያሉም ነበሩ። አልተከራከራቸውም፤ ሰማቸው። ኪራይና የምግብ ዋጋ አስመርሮናል አሉት። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ከዚያ መልስ የወጡ ናቸው። የመንገድ ዳር ሃላል ምግብ ለምን ከ8 ዶላር ወደ 10 ዶላር እንደወጣ፣ ሻጮቹ ፈቃድ ለመከራየት ምን ያህል እንደሚገፈፉ በአንድ አጭር ቪዲዮ አስረዳ። የቤት ኪራይ ጭማሪን አስቆማለሁ ለማለት በጥር ብርድ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ባሕር ውስጥ ገባ። በሰኔ 2025 በፓርቲው ውስጣዊ ምርጫ የቀድሞውን የስቴቱን ገዥ አንድሩ ኩሞን አሸንፎ አለፈ፣ በኅዳር የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ።

ብዙ ሰው ከዚህ "ቪዲዮ ይሠራል" የሚለውን ብቻ ነው የሚወስደው። የቪዲዮው ጥራት አይደለም ነገሩ፤ ሰውየው መጀመሪያ ጠይቆ ነው የተናገረው። ደግሞም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በየበሩ እያንኳኩለት ነበር፤ ቪዲዮው እነሱን መሰብሰቢያ ሆነለት።

ወደ እኛ ሲመጣ እንዲህ አድርጉት። ታክሲ ሰልፍ፣ ወፍጮ ቤት፣ የሸማቾች ሱቅ በር ሂዱ። ጥያቄያችሁ "ማንን ትመርጣለህ?" አይሁን። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ በካሜራ ፊት መመለስ ሰውን ከሥራው ወይም ከጎረቤቱ ሊያጣላው ይችላል። "በዚህ ሰፈር መጀመሪያ ቢስተካከል የምትሉት ምንድን ነው?" በሉ። ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ የት እንደሚለጠፍ ንገሩ፣ በኋላ አጥፉልኝ ካለም አጥፉለት። ፊቱን ማሳየት ያልፈለገ እጁን ወይም ድምፁን ብቻ ቅረጹ። ካሜራውን አጥፍታችሁ የምትሰሙትንም ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ የሚወጣው ያኔ ነው።

ሰላሳ ሰው ካናገራችሁ ሦስት አራት ጉዳይ እየተደጋገመ ይመጣል። ውኃ፣ የትራንስፖርት ወረፋ፣ የዘይትና የጤፍ ዋጋ፣ የመሬት ካርታ፣ ሥራ። ከእነዚህ አንዱን ያዙና ለአንድ ቪዲዮ አንድ ጉዳይ ብቻ ስጡ።

አሠራሩን በተመለከተ፦ ስልኩን አቁማችሁ ቅረጹ፣ አታጋድሙት። ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ጉዳዩ ይነገር፤ "ክቡራትና ክቡራን፣ በመጀመሪያ ሰላምታዬን..." ብሎ የጀመረ ዕጩ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሰው ጣቱን ያንሸራትታል። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ የሚነገረውን በጽሑፍ ከታች አስገቡ። ከሰማይ ብርሃን የተሻለ መብራት የለም፣ አንገትጌ ላይ የምትሰካ ርካሽ ማይክ ግን ግዙ፤ ደብዛዛ ምስል ይታለፋል፣ የማይሰማ ድምፅ አይታለፍም። ፋይሉን ጨምቃችሁ ላኩ፣ የሰው ካርድ አትብሉ። በምርጫ ክልላችሁ አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ከተነገረ፣ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ራሱ ይናገር። በትርጉም የተጻፈ ቅስቀሳ ከሩቅ ይታወቃል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቃል ስትገቡ የምክር ቤት አባል ሥራ ምን እንደሆነ አትርሱ። ሕግ ያወጣል፣ አስፈጻሚውን ይጠይቃል፣ በጀት ያጸድቃል። አስፋልት አያነጥፍም። "ይህን መንገድ እሠራለሁ" ከምትሉ "ይህ መንገድ ለምን እንዳልተሠራ ሚኒስትሩን በምክር ቤት እጠይቃለሁ፣ መልሱንም እዚሁ ገጽ ላይ እለጥፋለሁ" በሉ። ለዓይን ያንሳል፤ ግን የምትፈጽሙት ነው።

አምስተኛ፦ ገንዘብ ካላችሁ

አጭር ነው። ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) የፖለቲካ ማስታወቂያ የሚያስነግረውን ሰው ማንነቱን እንዲያረጋግጥና "የከፈለው ማን እንደሆነ" እንዲጻፍ ይጠይቃል። ማስታወቂያውንም ማንም በሚያየው መዝገብ ሰባት ዓመት ያስቀምጠዋል። ሳታረጋግጡ ተራ ፖስት አስመስላችሁ ቡስት ብታደርጉ (ብዙ ሰው እንዲያየው ብትከፍሉ) ሊታገድባችሁ ይችላል። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ "ውጭ ያለ ጓደኛችን ይክፈልልን" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያ ደግሞ ከላይ ያልኩት የገንዘብ ምንጭ ጉዳይ ውስጥ ይከታችኋል። ከከፈላችሁ ካርታው ላይ ምርጫ ክልላችሁን ብቻ ከልላችሁ ክፈሉ።

ታዋቂ ቲክቶከር ከፍላችሁ ካስነገራችሁ ደግሞ ክፍያ መሆኑን ይናገር። በኅዳር 2024 ሩማኒያ ውስጥ ካሊን ጆርጄስኩ የሚባል ብዙም የማይታወቅ ዕጩ በቲክቶክ ኃይል የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን አንደኛ ዙር መራ። ለቅስቀሳ ምንም አላወጣሁም ብሎ ነበር ያስመዘገበው። ማን እየከፈለ እንደነበረና አካውንቶቹ እንዴት እንደተቀናጁ ጥያቄ ተነሣ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2024 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘው። በኋላ በተደገመው ምርጫም እንዳይወዳደር ታገደ።

ስድስተኛ፦ ስድብ፣ አሉባልታና ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ

ሁሉንም መመለስ አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ለሚሰድባችሁ አትመልሱ። ለሚጠይቃችሁ፣ ቁጣ ቢኖርበትም፣ መልሱ። የምርጫ ክልላችሁ ሰው ሆኖ ተናዶ የጻፈ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ በስሙ ተጠርቶ መልስ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይበርዳል።

የሐሰት ወሬ ሲመጣ ግን ሥርዓት ይኑራችሁ። መጀመሪያ ስክሪንሾትና ሊንኩን ያዙ፤ ሲያጠፉት ማስረጃ አይኖራችሁም። ከዚያ እየተሰራጨ መሆኑን እዩ። አርባ ሰው ያየውን ወሬ እናንተ ብታስተባብሉት አርባ ሺህ ሰው ይሰማዋል። ተሰራጭቶ ከሆነ፣ ፈጣኑ መድኃኒት ዕጩው ራሱ በቪዲዮ ወጥቶ መናገሩ ነው፤ በመግለጫ ቋንቋ ሳይሆን እንደ ሰው። የሐሰቱን ምስል መልሳችሁ ካሳያችሁ በላዩ ላይ "ሐሰት" የሚል ማኅተም በትልቁ አድርጉበት፣ አለዚያ ያንኑ ምስል እናንተው እያዳረሳችሁ ነው። አሮጌ ፎቶ እንደ አዲስ ከቀረበ በጉግል ምስል ፍለጋ ዋናውን ማግኘት ይቻላል። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የመሰሉ መረጃ አጣሪዎች አሉ፤ ላኩላቸው። እነሱ ሐሰት ነው ሲሉ ከእናንተ ይልቅ ይታመናሉ።

ሕጉንም እወቁት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሱ ይላል። በተግባር ስንቱ ይነሣል፣ ስንቱ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ስለተጻፈ ሳይረዱት ይቀራል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። አዋጁ ግን ወደ እናንተም ይዞራል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ "እንደሰማነው ከሆነ" ብሎ የተቀናቃኝን ወሬ መለጠፍ ይቅር። ደጋፊያችሁ በገጻችሁ ሥር የሌላውን ብሔር ወይም ሃይማኖት ከሰደበ አጥፉ፣ ከደገመ አስወጡ። "የኛ ሰው ነው እኮ" አይባልም። ነገ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የእሱ ስም ሳይሆን የገጻችሁ ስክሪንሾት ነው።

ሰባተኛ፦ ከስልኩ ወደ ሰፈሩ

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ቅስቀሳ የሚሞቀው ድምፅ መስጫው ሲቀርብ ነው፤ የመራጮች ምዝገባ ግን ከዚያ በፊት ይዘጋል። በምዝገባ ሰሞን ፖስተር እየተለዋወጣችሁ ከከረማችሁ፣ ያ ሁሉ ደጋፊ ካርድ ሳይዝ ይቀራል። ስለዚህ ምርጫ ቦርድ የምዝገባውን ቀን ካሳወቀበት ሰዓት ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን አድርጉ። በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ለጥፉ፦ የትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን መታወቂያ ይዞ። ካርድ ያወጣ ደጋፊ "አውጥቻለሁ" ብሎ እንዲጽፍና ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ እንዲሄድ ጠይቁ። ካርዱን ፎቶ አንስቶ እንዲለጥፍ ግን አታድርጉ፤ ስሙና አድራሻው አለበት።

ከቻናሉ ሥር በየቀበሌው አነስተኛ ግሩፕ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ሰፈሩ የሚያውቀው፣ እድር የሚገባ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ኃላፊ ይሁን፤ የቲክቶክ ጎበዝ መሆን የለበትም። የእሱ ሥራ ከቻናሉ የሚመጣውን ስማርት ስልክ ለሌላቸው በቃል ማድረስ ነው። ቁልፍ ስልክ የያዙ እናትና አባቶች የመራጭነት ካርድ በማውጣት አንደኞች ናቸው፣ በገጻችሁ ግን አንዳቸውም የሉም። ለእነሱ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ቪዲዮውን ከፍቶ ቡና ላይ ያሳያቸው፤ "ለአያቴ አሳየኋት" ብሎ የሚጽፍ ወጣት ስታገኙ አመስግኑት።

የሰው ስምና ስልክ ስትሰበስቡ አስቡበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ያለ ፈቃድ መመዝገብና ለሌላ ማስተላለፍ ያስጠይቃል። ከሕጉም በላይ፣ "የማን ደጋፊ" የሚል ዝርዝር በተሳሳተ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ እኛ አገር ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ያዙ፣ ግሩፕ ላይ አትለጥፉት፣ ከሁለት ሰው በላይ አይኑረው።

ስምንተኛ፦ ኔት ሲጠፋ

"ከጠፋ" ሳይሆን ሲጠፋ ብላችሁ አቅዱ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት አገልግሎት ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በ2012 ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጧል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ሰው በቪፒኤን ይንፏቀቅ ነበር። አራቱም አንድ ላይ ሲዘጉ "ቴሌግራም አለን" የሚለው ዕቅድ ዋጋ የለውም።

የቀበሌ ኃላፊዎቹ ስልክ በወረቀት ይጻፍ። አንዱ ለአምስት፣ አምስቱ ለሌላ አምስት የሚደውሉበት ሰንሰለት አስቀድሞ ይዘጋጅና አንድ ቀን ኔት እያለም ይሞከር። ዋና ዋና ቪዲዮዎችና የድምፅ መልእክቶች በሚሞሪና በፍላሽ ይገልበጡ፤ በሼርኢት ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋሉ። ሬዲዮና በመኪና ላይ ማይክ ይዞ መዞር አርጅቷል የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ዘጠነኛ፦ የጥሞና ጊዜና የድምፁ ቀን

ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ይቆማል። የሚረሳው ነገር አለ፦ ቀደም ብላችሁ ቀን ቆርጣችሁ ያስቀመጣችኋቸው ፖስቶች። ቴሌግራም ላይም፣ ፌስቡክ ላይም እየገባችሁ አንድ በአንድ ሰርዟቸው። የሚከፈልበት ማስታወቂያም ይቁም። ግሩፖቹን "አድሚን ብቻ ይጽፋል" ወደሚለው ቀይሩ።

ይህ ጊዜ አደገኛም ነው፣ ምክንያቱም እናንተ ዝም ስትሉ ሌላው ዝም ላይል ይችላል። መስከረም 2023 ስሎቫኪያ ውስጥ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የፓርቲ መሪው ሚሃል ሺሜችካ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ምርጫ ስለማጭበርበር ሲነጋገር የሚያሰማ ድምፅ ተለቀቀ። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ሐሰት ነበር። አገሪቱ ግን ቅስቀሳ የተከለከለበት 48 ሰዓት ውስጥ ስለነበረች ማስተባበያው እንደ ወሬው አልሮጠም። አሁን የሰው ድምፅ መቅዳት ይበልጥ ቀሏል፤ የዕጩያችሁ ድምፅ ደግሞ ለወራት ቲክቶክ ላይ ሲለቀቅ ከርሟል። ስለዚህ ከጥሞናው ጊዜ በፊት ባለው ቀን ዕጩው አጭር ቪዲዮ ይሥራ፦ "ከነገ ጀምሮ ምንም አልለጥፍም። በእኔ ድምፅ ወይም ምስል አዲስ ነገር ካያችሁ ከእኔ አይደለም።" ይህ ከላይ ተሰክቶ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ሐሰት ከመጣ፣ በገጻችሁ ከመከራከር ለምርጫ ቦርድ በጽሑፍ አመልክቱና ለመረጃ አጣሪዎች ላኩ።

በድምፁ ቀን ገጻችሁ ጸጥ ይበል። በምርጫ ጣቢያ ያሉት ወኪሎቻችሁ ችግር ካዩ በስልክ ለቡድኑ ይናገሩ፣ እዚያው ቆመው ላይቭ አይግቡ። ማታ ቆጠራው አልቆ ውጤቱ ጣቢያው ላይ ሲለጠፍ ወኪሉ ጥርት ባለ ፎቶ ያንሳ፣ የጣቢያው ስም መታየቱን ያረጋግጥ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይላክ። ያ ሰው ይደምር። "አሸንፈናል" የሚል ፖስት ግን ከሦስት ጣቢያ ውጤት ተነሥቶ አይጻፍ፤ ይፋዊ ውጤት የሚያሳውቀው ቦርዱ ነው፣ ቀድሞ የተለጠፈ ድል ደግሞ ውጤቱ ሲለወጥ "ተሰረቅን" ወደሚል ቁጣ ይለወጣል፣ እሱን ማብረድ የናንተ አቅም አይሆንም።

ከዚያ በኋላ

በበጎ ፈቃደኞች ስልክ ላይ ያለውን የስም ዝርዝር አስጠፉ፣ ወረቀቱን ቅደዱ። ፓስዎርዶቹን ቀይሩ። የቀበሌ ግሩፖቹን ዝም ብላችሁ አትተዉ፤ የማይጠብቃቸው ሰው ካጡ የዕቃ ሻጭና የሐዋላ አጭበርባሪ ይወርሷቸዋል፣ ወይ ዝጉ ወይ ኃላፊ ስጡ። ከተሸነፋችሁ ለመራጩ ምስጋና ጽፋችሁ ገጹን ክፍት አድርጉት። ካሸነፋችሁ ደግሞ ቃል የገባችሁባቸውን ቪዲዮዎች እንዳታጠፉ፣ ሰዉ እንደሆነ አውርዶ አስቀምጧቸዋል።